ያረጀ ውሻ በጠና ሲታመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ አርጅቶ ሲታመም ብዙ ቤት የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። «አርጅቷል፣ ምን ይደረጋል? ተዉት፣ በራሱ ጊዜ ይሙት።» እንዲህ የሚል ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አማራጭ መኖሩን የነገረው ሰው የለም። ከታች ያሉት መልሶች የሚዞሩት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ ይታከም ወይስ በሐኪም መርፌ ሳይሰቃይ እንዲሞት ይደረግ (ይረፍ) የሚለው ይወሰን። ያረጀ ውሻ ታመመ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም። የምር ካለቀለት ደግሞ ጥግ ይዞ ሲማቅቅ እያዩ ዝም ማለት ርኅራኄ አይደለም።

ውሻ አረጀ የሚባለው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው?

እንደ ግዝፈቱ ይለያያል። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ያሉት ትልልቆቹ ከ7 ወይም ከ8 ዓመታቸው ጀምሮ ያረጃሉ። ትንንሾቹ እስከ 10 እና 11 ዓመት ጉልበታቸው ሳይደክም ይቆያሉ። የሐበሻ ውሻ መካከለኛ ቁመና ስላለው በሁለቱ መሀል ነው።

ሊሞት ነው ተብሎ ታክሞ የሚድንበት ጊዜ አለ?

አለ፣ ከምታስቡት በላይ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ከሚተዋቸው ውሾች ውስጥ ብዙዎቹ ለመታከም የሚበቃ ጊዜ የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንደኛው ከብልት የሚወጣ ዕጢ ነው። ወንዱ ደም ያንጠባጥባል፣ ሴቷ ላይ ደግሞ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ ቀይ ሥጋ ይታያል። ሰው ሲያየው ይደነግጣል፣ «ካንሰር ነው» ብሎም ይተወዋል። ይህ ዕጢ ውሾች ሲገናኙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ነው። ማምከን ባልተለመደበትና የመንገድ ውሻ በሚበዛበት አገራችን በብዛት ይታያል። ደግነቱ መድኃኒት አለው። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ውሾች ከአራት እስከ ስድስት መርፌ ባለው ጊዜ ይድናሉ።

ሁለተኛው ያልመከነች አሮጊት ሴት ውሻ ላይ የሚመጣ የማህፀን መግል ነው። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይጀምራታል። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ታስመልሳለች፣ ምግብ እምቢ ትላለች፣ ሆዷ ይነፋል። አንዳንዴ መግል ይወርዳታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይታይም። ይህ ነገ ዛሬ የሚባል ሕመም አይደለም። በቶሎ ኦፕራሲዮን ከተደረገች ግን ዕድሜዋ ገፍቶም ቢሆን የመዳን ዕድሏ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ሰውን በጣም የሚያስደነግጠው ነው። ማታ ደኅና ያደረ ውሻ ጠዋት ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ይገኛል። ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይንቀጠቀጣል፣ ሊነሳ ሲል እየዞረ ይወድቃል፣ ያስመልሳል። ሁሉም ሰው «ስትሮክ መታው» ይላል። በአሮጌ ውሾች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ክፍል ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይሻለዋል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ዘንበል እንዳለ ሊቀር ይችላል። እንዲህ የሆነ ውሻ ላይ በመጀመሪያው ቀን አትወስኑ። ሐኪም ያየው፣ ማቅለሽለሹ ይታገስለት፣ ጥቂት ቀን ስጡት።

የበሰበሰ ጥርስም አለ። «መብላት አቆመ» ከሚባሉት አንዳንዶቹ ርቧቸው ማኘክ ያቃታቸው ናቸው። ጥርሱ ሲነቀል ይመለሳሉ። በመዥገር የሚተላለፈው ኤርሊኪያ ደግሞ ያከሳል፣ ያተኩሳል፣ አፍንጫ ያደማል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ዶክሲሳይክሊን ይሠራበታል።

ውሻዬ አይጮህም፣ አያቃስትም። እያመመው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ውሻ ሕመሙን ይደብቃል። ማቃሰት ከጀመረ ቀድሞም ብዙ ጊዜ ሲታመም ቆይቷል። የምታዩት ሌላ ነገር ነው። በር ሲንኳኳ አለመነሳት፣ ደረጃው ሥር መቆም፣ ሲነኩት ፊቱን መመለስ፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መላስ፣ ሌሊት መንቆራጠጥ፣ ሳያሯሩጡት ማለክለክ።

ከሁሉ በፊት ግን የሚያበላውን ሰው ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ግቢ አለ፣ ባለቤቱ ውሻውን ሲወጣና ሲገባ ብቻ የሚያየው! የሚያውቀው ዘበኛው ነው፣ ወይም ምግብ የምታቀርብለት የቤት ሠራተኛ ናት። ሐኪም ሲመጣ እነሱ አጠገቡ ይቁሙ። ባለቤቱ «ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ደኅና ነው» ሲል፣ ዘበኛው ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ውሻ እኮ ቆሞ ነው የሚያድረው» ይላል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች። ክርኖቹን ከደረቱ አርቆ፣ አንገቱን ወደፊት ዘርግቶ ቆሞ የሚያድር ውሻ ሲተኛ አየር የሚያጥረው ነው። ሳንባው ወይም ደረቱ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል።

እናንተም ቤት ውስጥ የምትለኩት ነገር አለ። እንቅልፍ ሲወስደው ጎኑን እያያችሁ ለ30 ሰከንድ ትንፋሹን ቁጠሩና በሁለት አባዙ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱ እንደ አንድ ይቆጠራል። ተኝቶ በደቂቃ ከ30 በላይ በተደጋጋሚ ከተነፈሰ ለሐኪም ደውሉ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ነጭ ይሆንና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገልጣችሁ ውስጡን እዩ። ነጣ ካለ ደም አጥሮታል፣ ወይም ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ ጆሮው ሞቀ ብላችሁ ብቻ ትኩሳት ነው አትበሉ።

የማይድኑትስ የትኞቹ ናቸው?

ኩላሊት አንዱ ነው። ምልክቱ ጎልቶ የሚወጣው ከኩላሊቱ አቅም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ይከሳል፣ አፉ ይሸታል። መዳኛ ባይኖረውም በምግብና በመድኃኒት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ማቆየት ይቻላል። ግቢውን በሽንት አበላሸ ብላችሁ ውሃ አትከልክሉት። ያ ቶሎ ይገድለዋል።

የልብ ድካም ላለበት ውሻ ውሃ የሚያስወጣና ልብን የሚያግዝ መድኃኒት አለ፤ ጥሩ ጊዜ ይሰጠዋል።

ካንሰር ብዙ ዓይነት ነው። ጀርመን ሸፐርድና ጎልደን ሪትሪቨር ላይ የሚበዛው የጣፊያ ካንሰር ምንም ሳያሳውቅ ውስጥ ለውስጥ ይደማና ውሻው ድንገት ይወድቃል። ጣፊያው ቢወጣም አብዛኞቹ ከጥቂት ወራት አያልፉም። የሊምፍ ካንሰር በብዙ መድኃኒት ሲታከም አንድ ዓመት ገደማ ሊያቆይ ይችላል። በስቴሮይድ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሁለት ወር ነው። የትልልቅ ውሾች የአጥንት ካንሰር መጀመሪያ ማነከስ ይመስላል፤ ሕመሙ ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ያልመከኑ ሴቶች ጡት ላይ የሚወጣው እብጠት ግማሽ ያህሉ ክፉ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ የማይዛመት ነው። ስለዚህ ትንሽ ሳለ ቢወጣ ይሻላል።

እኔ የምወስደውን ማስታገሻ ልስጠው?

አትስጡት። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ውሻ ላይ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጥላሉ። ፓራሲታሞልም ከልክ ካለፈ ጉበቱን ይጎዳል። ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሉ። ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ለመገጣጠሚያ ሕመም በደንብ ይሠራሉ፤ መጠኑን ግን በክብደቱና በኩላሊቱ ሁኔታ የሚወስነው ሐኪም ነው። ቀድሞ የሰጣችሁት ክኒን ካለ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ሁለት ማስታገሻ ተደራርቦ የሚጎዳው ውሻ ብዙ ነው።

አልበላ ብሏል። ምን ላብላው?

መጀመሪያ ለምን አልበላም የሚለው ይጠየቅ። ካቅለሸለሸው የዓለም ምግብ ቢቀርብለት አይነካም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሲሰጠው ግን ራሱ ይበላል። ፍላጎቱ ካለ የተቀቀለ ዶሮ ያለ አጥንት፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ ለብ አድርጋችሁ ስጡት። ለብ ሲል ይሸተዋል፣ አሮጌ ውሻ ደግሞ ማሽተቱ ይደክማል።

የወጥ ትራፊ ይቅር። ወጣችን ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ጤነኛው ውሻ ለዓመታት ሲበላው ኖሮ ይሆናል። ደሙ ያነሰው በሽተኛ ግን አይችለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚጾም ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውሻውም አብሮ ይጾማል። ሥጋ ስለማይገዛ እንጀራ ብቻ ይበላል። ለታመመ አሮጌ ውሻ ይህ ከባድ ነው። ጥቂት እንቁላል ብትገዙለት ጾማችሁ አይፈርስም።

በአፉ በግድ አታጉርሱት። ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ቤት ውስጥ እንዴት ላስታምመው?

ከሲሚንቶ ላይ አንሡት። የክረምት ብርድ ላረጀ መገጣጠሚያ ሥቃይ ነው። አሮጌ ፍራሽ፣ በላዩ ላይ የሚታጠብ ጨርቅ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይበቃዋል። መነሳት ካቃተው በየሦስት አራት ሰዓቱ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ገልብጡት፤ አለበለዚያ ዳሌውና ትከሻው ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል። ለመሽናት ስታወጡት አሮጌ ነጠላ ወይም ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዙና የኋላ እግሩን ደግፉት።

ሽንት የነካውን ፀጉር በለብታ ውሃ አጥቡና አድርቁ። ዝንብ በእርጥብ ፀጉርና በቁስል ላይ እንቁላል ይጥላል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። በየቀኑ ጅራቱ ሥርና ብብቱን ገልጣችሁ እዩ። ትል ከገባበት የአስታማሚ ጉልበት እያለቀ ነው ማለት ነው፣ እርዳታ ጥሩ።

ሐኪም የት ይገኛል? መኪና ላይ አልወጣም ቢልስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጡ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ሰንሰለትና መኪና ለማያውቅ የግቢ ውሻ ይህ የተሻለ ነው። ራጅ፣ አልትራሳውንድ ወይም ኦፕራሲዮን ሲያስፈልግ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የእንስሳት ሆስፒታል አለው። ጎንደር አካባቢ ያላችሁም የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሕክምና ክፍል ጠይቁ። ለታክሲ ሹፌሩ ግን ውሻ እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ደርሶ ሲመለስባችሁ በሽተኛ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ነው።

በመርፌ ማሳረፍ የሚገባው መቼ ነው?

የሁሉም ጥያቄ መጨረሻው እዚህ ይመጣል። ሰዓቱን የሚነግር መሣሪያ የለም። የሚያግዝ መለኪያ ግን አለ። አሊስ ቪያሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ሰባት ነገር ይጠይቃል። ሕመሙና ትንፋሹ እንዴት ነው? ይበላል? ይጠጣል? ንጹሕ ነው? ደስ ይለዋል? ይንቀሳቀሳል? ደኅና ቀኑ ከክፉ ቀኑ ይበልጣል? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙ ይቀጥላል። ከዚያ ከወረደ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው።

ይህን ለብቻችሁ አትሙሉት። እናትም፣ ልጅም፣ ዘበኛውም ለየብቻ ይሙሉ። ቁጥሩ ሲለያይ ማን ምን እንዳየ ይወጣል። አብዝቶ የሚወደው ሰው ከፍ አድርጎ ነው የሚሞላው፤ ሌሊት አብሮት የሚያድረው ዝቅ ያደርጋል። እኔ የሌሊቱን ሰው አምናለሁ።

ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ላይም ምልክት አድርጉ። ደኅና ለዋለበት ቀን ክብ፣ ለከፋበት ቀን መስቀል። ሰው ትናንትን ይረሳል። ዛሬ ጅራቱን አንዴ ቢቆላ ያለፈውን ሳምንት ሥቃይ ሁሉ ያስረሳል። ወረቀቱ ግን ያስታውሳል።

መወሰኛውን ገና ደኅና ሳለ ተነጋገሩበት። «ሁለት ቀን ሙሉ ካልበላ»፣ «ራሱ ተነሥቶ መሽናት ካቃተው»፣ «መድኃኒት ወስዶም ሌሊቱን ካልተኛ» ብላችሁ አስቀምጡ። ያኔ ውሳኔው እኩለ ሌሊት ላይ በድንጋጤ አይሆንም። መተንፈስ ያቃተው፣ መድኃኒት የማያስታግሰው ሕመም ያለበት፣ መንዘፍዘፉ ያላቆመለት ውሻ ግን መለኪያም ቀጠሮም አያስፈልገውም። ያኑ ቀን ነው።

በራሱ ቢሞት አይሻልም? እንቅልፍ ወስዶት የሚሞት ውሻ የለም?

አለ፣ ግን ጥቂት ነው። በኩላሊት የሚሞት ውሻ ለቀናት ያቅለሸልሸዋል። በልብ የሚሞተው አየር እያጠረው ነው። ውሻው በራሱ ሲሞት ሰዉ «ጠዋት ሞቶ አገኘነው» ይላል። ሌሊቱን ማንም አላየም።

ኃጢአት አይደለም? ነፍስ የሰጠ እግዚአብሔር ነው እንላለን።

ይህን የሚጠይቅ ሰው ውሻውን ይወዳል፣ ፈጣሪውንም ይፈራል፤ ጥያቄው ክብር ይገባዋል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ላይ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተጽፏል። በእስልምናም ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት በሐዲስ ይነገራል። ሁለቱም እንስሳው ሲሰቃይ አይተህ እለፍ አይሉም። የሰው ሕይወት ጉዳይ ሌላ ነው፣ እዚህ ጋር አይገናኝም። ልባችሁ ካልረጋ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኹን ጠይቁ፤ ስትጠይቁ ግን የውሻውን ሁኔታ ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው። «አሮጌ ውሻ ልግደል?» እና «መተንፈስ ያቃተውን ላሳርፈው?» አንድ ጥያቄ አይደሉም።

መርፌው እንዴት ነው የሚሰጠው? ያመዋል?

በደንብ ከተሠራ የሚያመው የመጀመሪያው ውጊያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ማደንዘዣ በጡንቻው ይወጋል። በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላቱ ይከብደዋል፣ ይተኛል። ሐኪሙ የፊት እግሩን ፀጉር ይላጭና ደም ሥሩ ላይ ሁለተኛውን ይሰጣል። ብዙ አገር የሚጠቀሙት ፔንቶባርቢታልን ነው። ከልክ በላይ የሆነ ማደንዘዣ ስለሆነ መጀመሪያ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ ትንፋሹ፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሐኪሙ በማዳመጫ ልቡን ሰምቶ ያረጋግጥላችኋል።

ቀድማችሁ እወቁት፦ ዓይኑ አይከደንም። ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ልቡ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ አየር የሳበ ሊመስል፣ ቆዳው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ነፍሱ ተመልሳ አይደለም።

ፔንቶባርቢታል ካልተገኘ ሐኪሙ ሌላ ማደንዘዣ ይጠቀማል። አንድ ነገር ጠይቁት፦ «መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ራሱን ይስታል?» ፖታሲየም ክሎራይድ ልብን የሚያቆም መርፌ ነው፤ ነቅቶ ላለ ውሻ ፈጽሞ አይሰጥም።

መርዝ በሥጋ አድርጎ መስጠትን በተመለከተ፦ የመንገድ ውሾችን ለማጥፋት ሲያገለግል የኖረው ስትሪክኒን ውሻውን የሚገድለው ራሱን ሳይስት፣ እያንዘፈዘፈው ነው። ለዓመታት በራችሁን ለጠበቀ እንስሳ ይህ አይገባውም። በርካሽ ይደረግ የሚል ሰው ከመጣም እምቢ በሉ።

አብሬው መሆን አለብኝ?

ከቻላችሁ ሁኑ። የሚያውቀው ሽታና ድምፅ ያረጋጋዋል። ካልቻላችሁ የሚያበላው ሰው ይያዘው። የማይችለውን ሰው ግን ማንም አያስገድደው።

ለሕክምናው ገንዘብ የለኝም። ከዚህ የተነሣ ብወስን ጨካኝ ነኝ?

አይደላችሁም። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት፣ የዘይት ዋጋ እያለ ለውሻ ካንሰር የሚሆን ገንዘብ በየቤቱ አይገኝም። ለሐኪሙ ያላችሁን መጠን መጀመሪያ ንገሩት። «ይህን ያህል አለኝ፣ በዚህ የሚጠቅመው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ ማስታገሻና ጥሩ ሁለት ወር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ማሳረፍ ነው። ሕክምናውም ማሳረፉም ቀርቶ እንዲሁ ጥግ ላይ መተው ብቻ ነው መልስ የማይሆነው።

ባሕሪው ድንገት ተቀየረ። የእብድ ውሻ በሽታ ቢሆንስ?

ይህ የአገራችን ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም ይቀድማል። በጥቂት ቀን ውስጥ የተለወጠ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጋው የወደቀ፣ የኋላ እግሩ የሰነፈ፣ የሚያውቀውን ሰው የሚነክስ ውሻ ካያችሁ «አጥንት ሰንቅሮት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ለብቻው ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። ሰው ከነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቡ፣ ያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻው ከሞተ ጭንቅላቱ አይመታ፣ አይቀበር። ምርመራው የሚደረገው ከአንጎሉ ነው። ሰው ዛሬም «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ይሠራል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የሚለይ ነገር አለ?

አሜሪካ ያላችሁ ቤት ድረስ መጥተው የሚያሳርፉና በመጨረሻው ሰሞን የሚያስታምሙ ሐኪሞች ታገኛላችሁ። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ከምርመራው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንስሳ ለሞተባቸው ሰዎች የስልክ ድጋፍ ይሰጣል። ጀርመን ውስጥ እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት መግደል በሕግ የተከለከለ ነው። ሐኪሙ «ገና ይታከማል» ብሎ እምቢ ካላችሁ ክፋት አይደለም፣ ሕጉ ነው።

ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ደግሞ የአሠሪ ውሻ የምታስታምሙ አላችሁ። ወስና የምታሳርፈው የውሻው ባለቤት፣ አሠሪያችሁ ናት፤ ሌሊት የምትነሡት ግን እናንተ ናችሁ። ያያችሁትን በቪዲዮ ቅረጹላት። ስንት ጊዜ እንዳስመለሰ፣ መቼ እንደወደቀ ታይ። ሲሞት ብታለቅሱም ተገቢ ነው፤ ያኖራችሁት እናንተ ናችሁ።

የት ልቅበረው?

ግቢ ካላችሁ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቅ አድርጋችሁ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ አርቃችሁ ቅበሩት። አዲስ አበባ ጅብ ያለባት ከተማ ናት። ጥልቀት ከሌለው ሌሊቱን ያወጣዋል፤ በመርፌ ያረፈ ውሻ ሥጋ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ደግሞ ጅቡንም፣ ጥንብ አንሣውንም፣ የጎረቤት ውሻንም ይገድላል። ስለዚህ ቆሻሻ ገንዳና ወንዝ ዳር መጣል የለም። ከላዩ ከባድ ድንጋይ ደርድሩ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሐኪሙን ቀድማችሁ ጠይቁት፣ ወይም ቦታ ያለው ዘመድ ጋር ተነጋገሩ።

ለልጆች ምን ልበላቸው?

እውነቱን፣ በአጭሩ። «ጠፋ» አትበሏቸው። የጠፋ ውሻ ይፈለጋል፤ ልጁ ለሳምንታት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ተኛ» ካላችሁት ደግሞ ራሱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «በጣም ታሞ ነበር፣ ሐኪሙ ሊያድነው አልቻለም፣ እንዳያመው ረዳው፣ ሞተ፤ አይመለስም።» ይበቃል። ሲቀበር መገኘት ከፈለገ ይገኝ።

«ለውሻ ታለቅሳለህ?» ይሉኛል።

ይላሉ። ለውሻ ድንኳን አይተከል፣ እድር አይጠራ፣ ሰው ለማስተዛዘን አይመጣ። ሐዘኑ ግን አለ። ከሥራ ስትገቡ በር ላይ የሚጠብቃችሁ የለም፣ ሌሊት ኮሽ ሲል የሚጮኽ የለም። ውሻ መውደድ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻቸውን ሉሉን ከአጠገባቸው አያርቁም እንደነበር ንገሩት። የሚገባው ሰው ፈልጉ፤ አንድም ቢሆን ይበቃል። «በጊዜ ብወስደው ኖሮ» እያላችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ ሐኪሙን መልሳችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ ከምትፈሩት የቀለለ ነው።

ሌላ ውሻ መቼ ላምጣ?

ቀን የተቆረጠለት አይደለም። አብሮት የኖረ ሌላ ውሻ ካለ መጀመሪያ እሱን አስቡ። የሞተውን ቢያሸተው ብዙ ፍለጋ አይፈልግም። ጥቂት ቀን ምግብ ሊቀንስ ይችላል፤ ከሁለት ቀን በላይ ጨርሶ ካልበላ ይመርመር። ቡችላ ለማምጣት ስታስቡ አሮጌው በምን እንደሞተ አረጋግጡ። በእርጅና፣ በካንሰር፣ በኩላሊት ከሆነ ዕቃውን ማጠብ ይበቃል። ግቢው ውስጥ ፓርቮ የሚባለው ቡችላን በተቅማጥ የሚገድል በሽታ ገብቶ ከነበረ ግን ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አይግባ።